በወሊድ ጊዜ ስለተጎዱ ልጆችና ስለ ካሳ ጥያቄ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን አልናገርም። እሱን ገንዘብ ያዡ በሚቀጥለው ወር ያቀርባሉ። የዛሬው ጉዳይ ከበድ ያለ ነው፤ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

እንደምታውቁት በቅርብ ጊዜ ውስጥ ከሰፈራችን ሦስት ቤተሰቦች ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጥተው አንድ ዓይነት ነገር ጠይቀዋል። ሦስቱም ልጃቸው በወሊድ ጊዜ ተጎድቷል ይላሉ። አንደኛው ሕፃን አንገቱን አያቀናም፤ አንዷ ቀኝ ክንዷን አታነሳም፤ ሌላው ደግሞ ሦስት ዓመት ሞልቶት ዛሬም በጀርባው ተኝቶ ነው የሚውለው። ስማቸውን አልጠራም፤ የወለዱበትንም ሐኪም ቤት አልጠራም፤ ነገሩ ገና ያልለየለት ስለሆነ። ጥያቄያቸው ግን ያው ነው፤ «ሐኪም ቤቱን መክሰስ ይቻላል ወይ? ካሳስ ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። እኔ ሕግ አልተማርኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ ግን ገልጬ አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝንም ጠበቃ ጠይቄአለሁ፤ ሐኪምም አነጋግሬአለሁ። ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

መልሱን በቅድሚያ ልናገር። አዎን፣ ይቻላል። ግን ጊዜ አለው፤ ጊዜውም አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 እንደሚለው፣ በሌላ ሰው ጥፋት ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ መጠየቅ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመቱ ካለፈ ተከሳሹ «ይርጋ አግዶታል» ብሎ ይቃወማል። ያን ጊዜ ዳኛው ስለ ልጁ ቢያዝኑ እንኳ ነገሩ ከእጅ የወጣ ይሆናል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ እናት ይህን ስነግራት ዝም ብላ ነው ያየችኝ።

ለምን እንደዘገየች ጠየቅኋት። እሷም አልሰነፈችም። የሕፃን አንጎል ጉዳት እኮ እንደ አጥንት ስብራት በዕለቱ አይታይም። ልጁ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ያለቅሳል፤ ሌላው ሕፃንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስድስት ወር ሲሞላው አንገቱ ካልጠና፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ካልተቀመጠ ያን ጊዜ ነው ሰው የሚደነግጠው። ከዚያም «የአባቱ ወገን ዘግይቶ ነው የሚሄድ» ይባላል፤ «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል፤ ጸበል ይኬዳል፤ ወጌሻ ቤት ይኬዳል። ጸበሉን የሚከለክል የለም፣ እኔም አልከለክልም። ግን ከጸበሉ መልስ ልጁ ሐኪም ፊት ይቅረብ። ወጌሻውንስ ተዉት፤ የሕፃን አንገትና ትከሻ መታሻ አይደለም። በዚህ መሐል ሁለቱ ዓመት ያልቃል። ጠበቃ «ጉዳቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው» ብሎ ሊከራከርላችሁ ይችላል። ጥፋቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም የሚል ከሆነ በሱ የሚታይበት መንገድም በዚያው ቁጥር ውስጥ ተጽፏል። እነዚህ ግን ክርክር የሚያስነሡ ስለሆኑ አትመኩባቸው። ልጁ ሰኔ 10 ቀን ከተወለደ፣ ሁለት ዓመት የሚሞላበትን ሰኔ 10 በግድግዳችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ዛሬውኑ አክብቡበት። «ልጁ ሕፃን ስለሆነ ጊዜው ይጠብቀዋል» ለሚላችሁ ጎረቤት ጆሮ አትስጡ።

ቀጥሎ የምናገረው ደስ የማይላችሁ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ልጅ ሁሉ በሐኪም ጥፋት የተጎዳ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የእጅ እግር አለመታዘዝ በብዙዎቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ ምጡ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የደረሰ ኢንፌክሽን፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ የአንጎል አፈጣጠር፣ ከተወለደ በኋላም የሚይዝ ማጅራት ገትር ሊያመጣው ይችላል። በምጥ ላይ በመታፈን የሚመጣው ከፊሉ ነው። ሌላም አለ፤ የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው የሚያዝበት ጊዜ አለ። ይህ ለአዋላጇ እጅግ አስጨናቂ ሰዓት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካላወጣችው ልጁ ይታፈናል፤ ስታወጣው ደግሞ የክንዱ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ክንድ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሦስት ወር ሆኖት ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ ግን ልዩ ሐኪም ማየት አለበት። የክንዷን ልጅ ወላጆች እዚሁ ተቀምጣችሁ ከሆነ ይህችን ስሙ፤ ከክሱ በፊት ፊዚዮቴራፒው ይቅደም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይተላለፋል፤ የልጅ ነርቭና ጡንቻ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

ታዲያ ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው? ሕጉ በቁጥር 2031 እንደሚለው ባለሙያ የሆነ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ደንቡን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ነው። ሐኪም «አድንሃለሁ» ብሎ ዋስ አልገባም፤ የሚጠየቀው ሙያው የሚያዘውን ስለማድረጉ ነው። ለምሳሌ በምጥ ላይ ያለች እናት የሕፃኗ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ መደመጥ አለበት። ጤነኛው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ይህም ፓርቶግራፍ በሚባል ወረቀት ላይ ይመዘገባል፤ የማኅፀኑ በር ስንት እንደተከፈተ፣ ምጡ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ሁሉ እዚያው ላይ ይነጠባል። እናቲቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገብታ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ካላዳመጣት፣ የልብ ምቱ ወርዶ ተመዝግቦ እያለ ሐኪም ካልተጠራ፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ተብሎ እስኪነጋ ከተተወች፣ የምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት ተሰክቶላት የሚከታተላት ከሌለ፣ እነዚህ ጥያቄ የሚያስነሡ ናቸው። ከተወለደም በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃን ሳይመረመር ወደ ቤት መላክ የለበትም፤ ያ ቢጫነት ሲበዛ አንጎልን ይጎዳልና።

ማስረዳት ያለበት ማን ነው ብትሉ ከሳሹ ነው። ቁጥር 2141 ይህንኑ ነው የሚለው። ጉዳቱን፣ የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ነገር የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። በእንባ አይደለም፤ እንባችሁን ዳኛ ያከብራል፣ በመዝገብ ላይ ግን አይጻፍም። ስለዚህ ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

መጀመሪያ ከሐኪም ቤቱ የምትጠይቁት የእናቲቱንና የሕፃኑን ካርድ ሙሉ ቅጂ ነው። በቃል አትጠይቁ፤ በቃል የጠየቀ ሰው «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይከርማል። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤቱ ስጡ፤ በቀሪው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። ፓርቶግራፉ፣ የነርሶች የክትትል ወረቀት፣ ኦፕሬሽን ከነበረ የኦፕሬሽኑ ማስታወሻ፣ ሕፃኑ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብቶ ከነበረ የዚያው ካርድ፣ የመውጫ ወረቀትና ከሌላ ጤና ጣቢያ ተልካችሁ ከነበረ ሪፈሩ እንዲካተት በስም እየዘረዘራችሁ ጠይቁ። በሕፃኑ ካርድ ላይ አፕጋር የሚል ቁጥር አለ። ይህ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃና በአምስት ደቂቃ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ መልኩ፣ ጡንቻውና ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ ተቆጥሮ ከአሥር የሚሰጠው ነጥብ ነው። ዝቅ ያለ ነጥብ ብቻውን ጥፋት መኖሩን አያሳይም፤ ከሌላው ወረቀት ጋር ሲነበብ ግን ይናገራል። «ካርዱ ጠፍቷል» ብትባሉ ጠፍቷል የሚለውን በጽሑፍ ስጡን በሉ። አንሰጥም ካሉም ፍርድ ቤቱ መዝገቡ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። ቀደም ብሎ መጠየቁ የሚጠቅመው ካርድ በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋም፣ እግዜር አያድርገውና እጅ ስለሚገባበትም ነው።

ሁለተኛው የእናንተው ደብተር ነው። የልጆች አሥራ ሁለት ገጽ ደብተር ይበቃል። ሐኪም ቤት የደረሳችሁበትን ሰዓት፣ የእንሽርት ውኃው የፈሰሰበትን፣ ማን እንደተቀበላችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደታየች፣ ማን ተጠርቶ ማን እንደቀረ፣ ልጁ ወጥቶ ወዲያው አለቀሰ ወይስ አላለቀሰም፣ የት እንደወሰዱት፣ ምን እንደተባላችሁ ሳይረሳ ጻፉት። አብራ የሄደችው እኅት ወይም ጎረቤት ያየችውን ለብቻዋ ታጽፍ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሰው ሰዓቱን ይስታል፤ በችሎት ላይ ደግሞ ሰዓት የተሳሳተ ምስክር ሌላው ቃሉም አይታመንለትም። ከዚህ ሌላ ለልጁ ያወጣችሁትን ሁሉ በደረሰኝ ያዙ። ታክሲ ደረሰኝ የለውም፣ አውቃለሁ፤ ቀኑንና ብሩን ደብተሩ ላይ መዝግቡ።

ሦስተኛው ባለሙያ ነው። ዳኛ ሐኪም አይደለም፤ የሙያ አስተያየት ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲኖር ተደርጓል። አቤቱታ ለሱ ማቅረብ ይቻላል፤ የባለሙያውን ሥራ ያጣራል፤ እርምጃ እንዲወሰድም ሐሳብ ያቀርባል። ካሳ የሚቆርጥ ግን ፍርድ ቤት እንጂ ኮሚቴው አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ ለኮሚቴው አመልክቶ መልስ ሲጠብቅ ይርጋው ያልፍበታል። የኮሚቴው ነገር በአንድ በኩል ይሂድ፤ የፍርድ ቤቱን ቀን ግን አታሳልፉ።

ማንን እንክሰስ የሚለው ብዙ ያጣላል። ሰው ያየውን ነው የሚጠላው፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያነሣው ያችን ልጅ እግር አዋላጅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሌሊቱን ብቻዋን አምስትና ስድስት ምጥ ስታዋልድ ያደረች ልጅ ላይ ብቻ መነሣት ትክክል አይደለም። ሕጉም ሌላ መንገድ ሰጥቷል። በቁጥር 2651 የሕክምና ተቋሙ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ባጠፉት ኃላፊ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባደረሰው ጥፋትም በቁጥር 2126 መንግሥትን መጠየቅ ይቻላል። ካሳ ለመክፈል አቅም ያለው ተቋሙ ነው፤ አንድ አዋላጅ ብቻዋን የተረታች እንደሆነ ከደመወዟ ምን ይገኛል? የወንጀሉ መንገድም አለ፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ያስቀጣል፤ የሰው ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይም ቅጣቱን ያከብዳል። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የምትፈልጉት ሰው እንዲታሰር ነው ወይስ ልጁ እንዲታከም ነው የሚለውን ቤታችሁ ተመካከሩበት።

ካሳው ስንት ነው ትሉ ይሆናል። ሕጉ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም ሳይጠበቅ እንዲቆጠር ያዛል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያወጣችሁትን ብቻ አትጠይቁ። ፊዚዮቴራፒው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ መድኃኒቱ፣ ሥራዋን ትታ የምትጠብቀው እናት ያጣችው ገቢ፣ ልጁ አድጎ ሊሠራ የማይችለው ሥራ ሁሉ ይቆጠራል። በትክክል ሊሰላ ያልቻለውን ዳኛው በርትዕ ይወስናል። በየጊዜው እንዲከፈልም መጠየቅ ይቻላል። የሚያሳዝነው የኅሊና ጉዳት የሚባለው ነው። ለወላጅ ሐዘን ሕጉ የፈቀደው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ያኔ በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ስንት እንደነበረ አረጋውያኑ ያውቁታል፤ ዛሬ አንድ ሺህ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ቁጥር መለወጥ ያለበት ይመስለኛል።

ከአሜሪካ የሚደውሉ ዘመዶቻችን «ክሰሱ፣ ሚሊዮን ታገኛላችሁ» ይላሉ። የነሱ አገር ሌላ ነው። እዚያ ጠበቃው ከሚገኘው ላይ ድርሻ ይዞ፣ ቅድሚያ ሳይቀበል ይሟገታል፤ ሐኪሙም ኢንሹራንስ አለው። ብዙዎቹ ዘመዶቻችን የሚኖሩበት የቨርጂኒያ ግዛትማ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ በወሊድ ጊዜ አንጎሉ ወይም አከርካሪው ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ፣ መሥፈርቱን ካሟላ፣ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል የሕክምናው ወጪ የሚሸፈንበት ቋት አቋቁሟል፤ ሐኪሞችና ሐኪም ቤቶች ያዋጡበታል። ኒውዚላንድም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደጋ ለሚደርስ ጉዳት እንዲህ ያለ አሠራር አላት። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ቋት የለም። የእኛ ሰው ያለው ፍርድ ቤትና ዕርቅ ነው።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድኻ የሆነ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ድኽነታችሁን የምታስረዱበትን ደብዳቤ ከወረዳ ታወጣላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ እናቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ማነጋገር ይችላሉ። በፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ለሌላ ጉዳይ ጥሩ ናቸው፤ ይህን ዓይነቱን ክስ ግን ለነሱ አትስጡ።

አሁን ስለ ዕርቁ። በዚህ ላይ ብዙ አዝኛለሁ። ከሦስቱ ቤተሰቦች አንዱ ዘንድ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ክፋትም አልነበራቸውም። «በፍርድ ቤት ስትንከራተቱ ታረጃላችሁ፤ ይኸው 60,000 ብር ውሰዱና ለልጁ አሳክሙበት» አሏቸው። አባትየው ፈረመ። ወረቀቱ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» ይላል። ብሩ ግማሹ ለዕዳ፣ ግማሹ ለሱቅ ዕቃ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ልጁ አሁን የሚጥል በሽታ ጀምሮታል፤ መድኃኒቱ በየወሩ ይገዛል፤ እናቲቱ ልብስ ማጠብ ጀምራለች።

ያ ወረቀት ይፈርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተስማሚዎቹ መካከል የግልግል ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው ይላል፤ «መብቴን ሳላውቅ ተሳስቼ ነው» ማለትም አያፈርሰውም። ልጁ ራሱ ባለመብት ስለሆነ አባት ብቻውን መፈረሙ ያስኬዳል ወይ የሚለውን ጠበቃ እንዲያየው ወረቀቱን ልከናል።

ዕርቅ አትቀበሉ አላልኩም። እንዲያውም ጥሩ ዕርቅ ከአምስት ዓመት ክርክር ይሻላል። ዳሩ ግን የተላከው ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ በዚያው ቀን ፊርማ ማኖር አይገባም። «እንመክርበታለን» ማለት ሽማግሌ መናቅ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ልጁን የሚያውቅ ሐኪም ወደፊት ምን እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ስምምነቱን ጠበቃ ያንብበው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ለልጁ የሚበጅ መሆኑ ታይቶ ይጽደቅ። ከገንዘቡ ሌላ ሐኪም ቤቱ ልጁን ለስንት ዓመት በነፃ እንደሚያክም፣ ፊዚዮቴራፒ የት እንደሚሰጠው ይጻፍበት። ገንዘቡም በልጁ ስም ባንክ ይግባ። ብሩ የአባት አይደለም፣ የእናትም አይደለም፤ የዚያ ተኝቶ የሚውለው ልጅ ነው። አባቶች ሆይ፣ ይህን ስናገር አትቆጡኝ፤ ካሳው ባጃጅ ሆኖ የቀረበት ቤት እንዳለ ራሳችሁም ሰምታችኋል።

ከኮሚቴያችን ጋር ተነጋግረን የወሰንነው የሚከተለው ነው። ካርድ ለማስገልበጥ የፎቶ ኮፒ ወጪ ያስቸገረው አባል ከመጠባበቂያው ይሸፈንለታል። ማመልከቻ መጻፍ የሚቸግረው ካለ እኔው እጽፋለሁ። ወደ ወረዳም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ብቻዋን መሄድ የምትፈራ እናት ካለች ከሴቶች ክፍል አንድ ሰው አብሯት ይሄዳል። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ቤተሰብ ሰልፍ ሳይጠብቅ ይቅረብ።

የጸሐፊው ቢሮ ዘወትር ማክሰኞና ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነው። ስትመጡ የልጁን የክትባት ካርድና ከሐኪም ቤት የተሰጣችሁን ማንኛውንም ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ የተቀዳደደም ቢሆን አትጣሉት።

የማኅበሩ ጸሐፊ